ማደንዘዣውን ደም ይወስደዋል

ቁስል ሲሰፋም ሆነ ጥርስ ሲነቀል በብዛት የሚወጋው ማደንዘዣ ሊዶኬይን ነው፤ ትምህርታችንን በእሱ እንጀምር።

ሊዶኬይን ነርቩ ውስጥ ገብቶ ሶዲየም የሚያልፍበትን በር ይዘጋል። ሶዲየም ካልገባ የሕመሙ ስሜት ወደ አንጎል አይሄድም። መድኃኒቱ ግን እዚያው ነርቩ ላይ አይፈርስም። ድንዛዜው የሚለቀው ደም ጠርጎ ሲወስደው ነው።

እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ሊዶኬይን ራሱ የደም ሥሮችን ያሰፋል። ሥሩ ሲሰፋ በቦታው የሚያልፈው ደም ይበዛል፤ መድኃኒቱም ቶሎ ይወሰዳል። አድሬናሊን የሚቀላቀልበት ለዚህ ነው። በጥርስ ሕክምና በብዛት የሚገኘው ቅልቅል በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 0.01 ሚሊ ግራም አድሬናሊን ብቻ ይይዛል። ይህችው ጥቂት ሥሮቹን አጥብባ ድንዛዜውን ታራዝማለች፤ መድማቱንም ትቀንሳለች።

ደም የወሰደው መድኃኒት የት ይደርሳል? ፕሮኬይንን የመሳሰሉት ማደንዘዣዎች እዚያው ደም ውስጥ ባለ ኢንዛይም ይፈርሳሉ። ሊዶኬይንና ቡፒቫኬይን ግን የሚፈርሱት ጉበት ውስጥ ነው። ጉበት ደግሞ ሊዶኬይንን የሚያፈርሰው ደም ባመጣለት ልክ ነው። በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ ያለው መጠን በሁለት ሰዓት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ልቡ የደከመ ወይም ጉበቱ የታመመ ሰው ላይ ግን ይቆያል፤ መርፌው ሲደጋገምም ይጠራቀማል።

አሁን እናስላ። 60 ኪሎ የሚመዝን ጤነኛ አዋቂ አለን። ያለ አድሬናሊን ከፍተኛው መጠን በኪሎ 4.5 ሚሊ ግራም ስለሆነ 270 ሚሊ ግራም ይሆናል። ባለ 2 በመቶው ሊዶኬይን በአንድ ሚሊ ሊትር 20 ሚሊ ግራም ስለሚይዝ፣ ከ13.5 ሚሊ ሊትር አናልፍም። ከአድሬናሊን ጋር በኪሎ እስከ 7 ሚሊ ግራም ይፈቀዳል፤ ይህም 21 ሚሊ ሊትር ነው። ልዩነቱን ያመጣው መድኃኒቱ ወደ ደም የሚገባበት ፍጥነት ነው።

መጠኑ ደም ውስጥ ሲበዛ ታማሚው ከንፈሩ ዙሪያ ይደነዝዘዋል፤ አፉን ብረት ብረት ይለዋል፤ ጆሮው ይጮኻል። ከዚያ መንቀጥቀጥ፣ ብሎም የልብ ምት መዛባት ይከተላል።

ስለዚህ ከመውጋታችሁ በፊት ታማሚውን መዝኑ፤ ስለ ልቡና ስለ ጉበቱም ጠይቁት። መርፌው ከገባ በኋላ መድኃኒቱን ከመግፋታችሁ በፊት ሲሪንጁን ወደ ኋላ ሳቡ፤ ደም ከመጣ አትግፉ።