የጥድ ሽታ በባልዲ ውስጥ

በዚህ የትምህርት ዓመት መጀመሪያ የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ክፍላቸውን ሲያጸዱ አንዲት ልጅ ባልዲዋን አንጠልጥላ መጣችና «ቲቸር፣ ዴቶሉ ጠርሙስ ውስጥ እያለ የሻይ ቀለም አለው፤ ውሃ ላይ ስናፈሰው ለምን ወተት ይመስላል?» ብላ ጠየቀችኝ። ቸኩዬ ስለነበር «ኢመልሽን ስለሚሠራ ነው» ብዬ አለፍኳት። ቃሉን በደብተሯ ጻፈችው፤ እንዳልገባት ግን ፊቷ ይናገር ነበር። ይህ ጽሑፍ የዚያን ቀን ዕዳዬ ነው።

መልሱ የሚጀምረው ከጠርሙሱ ጀርባ ነው። እዚያ ያለውን ጽሑፍ የሚያነብ ሰው ጥቂት ነው። ጀርም የሚገድለው ክሎሮክሲሌኖል የተባለው ንጥረ ነገር ሲሆን መጠኑ 4.8 በመቶ ነው። ከእርሱ ጋር የፓይን ዘይት፣ አልኮል፣ ከጉሎ ዘይት የተሠራ ሳሙና፣ ለቀለም የሚገባ የተቃጠለ ስኳርና ውሃ አሉ። «የሆስፒታል ሽታ» የምንለው ጠረን አብዛኛው ከፓይን ዘይቱ የሚመጣ ነው።

ዘይትና ውሃ እንደማይዋደዱ ከወጥ ቤት ታውቃላችሁ። ጠርሙሱ ውስጥ ዘይቱን አቅፈው የያዙት አልኮሉና ሳሙናው ናቸው፤ ስለዚህ ፈሳሹ ጥርት ብሎ ይታያል። ባልዲ ሙሉ ውሃ ሲያገኝ ግን አልኮሉ ይቀጥናል፣ ዘይቱን አሟሙቶ መያዝ ያቅተዋል፣ ዘይቱም እጅግ ጥቃቅን ጠብታዎች ሆኖ ይበታተናል። ጠብታዎቹ ብርሃንን በየአቅጣጫው ስለሚበትኑ ነጭ ሆኖ ይታየናል። ወተትም ነጭ የሆነው በውስጡ የተበተኑት የቅባትና የፕሮቲን ቅንጣቶች እንዲሁ ብርሃን ስለሚበትኑ ነው። ኢመልሽን ማለት ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ሌላ ጥያቄ ይመጣል። ፓይን የትኛው ዛፍ ነው? ወላጆች «ጥድ ነዋ» ይሉ ይሆናል። ትክክልም ስሕተትም ነው። አገራችን ውስጥ ጥድ ብለን የምንጠራው፣ ትግርኛ ተናጋሪዎች ጽሕዲ የሚሉት፣ በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ የምናየው የአበሻ ጥድ ነው። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ዘር አስመጥተው አስተከሉት የሚባለው የመናገሻ ሱባ ደንም የሚታወቀው በዚሁ ጥድ ነው። ለገና ቅርንጫፉ ተቆርጦ የሚሸጠው ደግሞ ብዙ ጊዜ የፈረንጅ ጥድ ነው፤ የትውልድ አገሩ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው። እነዚህ ሁለቱ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ፓይን ግን ሌላ ቤተሰብ ነው። በኢትዮጵያ በዱር የበቀለ ፓይን የለም። በአፍሪካ ምድር ፓይን በተፈጥሮ የሚገኘው በሰሜኑ ጫፍ፣ በሞሮኮ፣ በአልጄሪያና በቱኒዚያ በኩል ነው። በአገራችን የደን ልማት ቦታዎች የምናያቸው ፓይኖች፣ ለምሳሌ ከሜክሲኮ የመጣው ፓቱላ፣ በሰው እጅ የተተከሉ ናቸው።

ለመለየት ቅጠሉን ማየት ይበቃል። የፓይን ቅጠል መርፌ ነው፤ ሁለት፣ ሦስት ወይም አምስት እየሆነ ከአንድ ሥር ታስሮ ይወጣል። የፓቱላ መርፌ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ሦስት ሆኖ ረጅምና ወደ ታች የተንጠለጠለ ነው። የሁለቱ ጥዶች ቅጠል ግን እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ ነው። የአበሻው ጥድ ፍሬ ለስላሳና ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ሲሆን፣ የፈረንጁ ክብና እንደ እንጨት የጠጠረ ነው። በክረምት ዕረፍት አገር ቤት የምትሄዱ ልጆች ሦስቱንም ለቅማችሁ ብታመጡልኝ ደስ ይለኛል። እዚህ አርካዊት ከኒም ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ስለ ፓይን ማስተማር ሥዕል እያሳዩ ስለ ባሕር እንደማውራት ነው። ያቺኛዋ አርካዊት፣ በቀይ ባሕር ኮረብታዎች ላይ ጭጋግ የሚያለብሳት፣ ለእንዲህ ያለ ትምህርት ሳትሻል አትቀርም።

የአበሻ ጥድም የራሱ ዘይት አለው፤ ሽታው ግን ሌላ ነው። የሚታወቀው ከቀይ እንጨቱ የሚወጣው ነው፤ በንግድ ዓለም የምሥራቅ አፍሪካ ሴዳር ዘይት ይባላል። ከባድ፣ ደረቅ፣ አዲስ የተቀረጸ እርሳስ የሚመስል ጠረን አለው። እርሳስ መምሰሉም ያለ ምክንያት አይደለም፤ በኬንያ ይኸው ዛፍ ለእርሳስ ሥራ ሲቆረጥ ኖሯል። ምስጥ ስለማይደፍረው ነው አያቶቻችን ለቤት ምሰሶና ለቤተ ክርስቲያን ሥራ የመረጡት።

ዘይቱ እንዴት ይወጣል? አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው ግማሹን ያውቀዋል። (እዚህ አገር ስለ አረቄ መጻፍ እንደማያምር አውቃለሁ፤ የማወራው ስለ ዕቃው ነው።) ድፍድፉ በእሳት ይፈላል፣ ተኑ በመቃ ያልፋል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በተቀመጠው ዕቃ ውስጥ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። የፓይን ቅጠልም እንዲሁ ነው፤ የውሃ እንፋሎት በመርፌዎቹ መካከል ሲያልፍ ዘይቱን ይዞ ይወጣል፣ ሲቀዘቅዝ ውሃው ከታች፣ ዘይቱ ከላይ ይቆማል። የሚያስደንቀው ነገር የፓይን ዘይት ዋና ክፍል የሆነው አልፋ ፓይኒን ብቻውን የሚፈላው በ155 ዲግሪ አካባቢ መሆኑ ነው፤ ከእንፋሎት ጋር ሲሆን ግን ከ100 ዲግሪ በታች ይወጣል። ዘይቱ ሳያርር የሚተርፈው ለዚህ ነው። ከ100 ኪሎ ቅጠል የሚገኘው ዘይት ብዙ ጊዜ አንድ ኪሎ እንኳ አይሞላም። በአገራችን የሽታ ተክሎችን ዘይት በማጣራት ሥራ የሚታወቀው ወንዶ ገነት ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ነው።

«የፓይን ዘይት» በሚል ስም የሚሸጡት ግን ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ወላጆች ይህን ልብ እንዲሉልኝ እፈልጋለሁ። አንደኛው አሁን ያልነው የቅጠሉ ዘይት ነው፤ ለሽቶ የሚሆነው እርሱ ነው። ሁለተኛው ተርፐንታይን ነው፤ ልክ እንደ ዕጣን ዛፍ የፓይኑ ግንድ ተፍቆ ሙጫው ሲፈስስና ያ ሙጫ ሲጣራ ይገኛል። ቀለም ቀቢዎች በጣልያንኛ ስሙ አኳራጅ ይሉታል፤ ዛሬ በዚያ ስም የሚሸጠው ግን ብዙ ጊዜ የነዳጅ ውጤት ነው። ተርፐንታይኑ ተለይቶ የሚቀረው ጠጣር ሙጫ የቫዮሊን ደጋን የሚታሸው ነው፤ የእኛ አዝማሪ በመሲንቆው ደጋን ላይ ዕጣን እንደሚያሸው ማለት ነው። ሦስተኛው በጽዳት ፈሳሽ ውስጥ የሚገባው ነው። ዛሬ ይህ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ተርፐንታይንን ከአሲድና ከውሃ ጋር በማዋሃድ ነው፤ ዋና ክፍሉ ቴርፒንዮል ይባላል፣ ሽታውም ወደ አበባ ያደላል። ከዚህ ሁሉ ሌላ ደግሞ ሥዕሉ ብቻ የፓይን የሆነ፣ ውስጡ ሰው ሠራሽ ሽታ የሆነ ጠርሙስ ሞልቷል።

ወደ ሽቶ እንምጣ። የካርቱም ልጆች ስለ ሽቶ ከማንም በላይ ታውቃላችሁ፤ ጎረቤት ሠርግ ሲኖር የኹምራውና የድልካው ጠረን ግድግዳ አልፎ ይመጣል። ሰንደል በማግሥቱም ልብስ ላይ ይገኛል፤ የፓይን ሽታ ግን በደቂቃዎች ይበርራል። ለምን? የአልፋ ፓይኒን ሞለኪውል 10 ካርቦንና 16 ሃይድሮጅን ብቻ ያለው ትንሽ ነገር ነው። ሰንደልን ሰንደል የሚያሰኘው ሳንታሎል ግን 15 ካርቦን አለው፣ በዚያ ላይ ኦክስጅን ተጨምሮበታል። ትንሹ ቶሎ ይተናል፣ ከባዱ ይቆያል። ስለዚህ ሽቶ ቀማሚዎች ፓይንን እንደ ሎሚ በመጀመሪያው ረድፍ ያሰልፉታል፤ ጠርሙሱ ሲከፈት ሰላምታ ሰጥቶ የሚሄድ እንግዳ ነው። እንዲቆይ ከተፈለገ ዕጣን፣ ሰንደል ወይም ሴዳር ከሥሩ ይደረጋል። ከቅርንፉድ ጋር ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ቅርንፉድ ካልተመጠነ ሌላውን ሁሉ ይውጣል።

በዚህ ሽታ ስም ያወጣው ሽቶ በ1955 በጣልያን የወጣው ፒኖ ሲልቬስትሬ ነው፤ ጠርሙሱ ራሱ የፓይን ፍሬ ይመስላል። ከእርሱ የበለጠ የምታውቁት ግን በአምጃድና በታክሲ መስተዋት ላይ የሚንጠለጠለውን የዛፍ ቅርጽ ያለው ካርቶን ነው። የሠራው ዩልየስ ዛማን የተባለ ከጀርመን የተሰደደ ኬሚስት ነው። በካናዳ ደኖች የፓይን ዘይት አወጣጥ ሲያጠና ቆይቶ፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ በኒውዮርክ ግዛት ወተት የሚያመላልስ ሾፌር የፈሰሰ ወተት ሽታ አስቸግሮኛል ቢለው ያንን ካርቶን አሰበለት ይባላል።

ቤት ውስጥ ለመጠቀም የሚፈልግ ዘይቱን በቀጥታ ውሃ ላይ አያንጠባጥብ፤ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል እንጂ አይዋሃድም። መጀመሪያ 10 ጠብታ ያህል ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና ጋር በደንብ ይታሽ፣ ከዚያ 1 ሊትር ለብ ያለ ውሃ ይጨመርበት። ለወለል ይበቃል። ቆዳ ላይ ለሚቀባ ነገር ደግሞ በ30 ሚሊ ሊትር የሰሊጥ ዘይት ውስጥ 6 ጠብታ፣ ማለትም 1 በመቶ ያህል፣ ከዚያ አይለፍ። ለሕፃናት አይቀባም። የፓይን ሽታ መኖሩ ጀርም መሞቱን አያመለክትም፤ ዴቶል ውስጥ ዋናውን ሥራ የሚሠራው ክሎሮክሲሌኖሉ ነው። በረኪና ያለበት ባልዲ ውስጥ ደግሞ ዴቶልም ሆነ ሌላ የጽዳት ፈሳሽ አይጨመር፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። ይህን በተለይ ሰው ቤት በጽዳት ሥራ ለሚውሉ እናቶችና እኅቶች ንገሩልኝ፤ ሁለቱን የሚቀላቅሉት «እንዲበረታ» ብለው ነው።

አሁን የማወራው በራሴ ቤት የደረሰ ነው። ትንሿ ልጄ የሦስት ዓመት ልጅ ሳለች እኔው ራሴ በጥብጬ በውሃ ኮዳ ያስቀመጥኩትን ነጭ ፈሳሽ ወተት መስሏት ተጎነጨች። እኔ ኬሚስት ነኝ የምለው ሰውዬ ደንግጬ ጣቴን ጉሮሮዋ ውስጥ ከትቼ አስመለስኳት። ትልቁ ስሕተት ይህ ነበር። እንዲህ ያለ ዘይት ሆድ ውስጥ ካለው ይልቅ ሲመለስ ወደ ሳንባ የገባው ይከፋል። ሐኪሙ ሌሊቱን ሙሉ እስትንፋሷን ሲያዳምጥ አደረ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ዳነች። ማድረግ የሚገባኝ አፏን አጉመጥምጬ፣ ሳላስመልስ፣ ጠርሙሱን ይዤ ወደ ሐኪም መሮጥ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ቤታችን ውስጥ የጽዳት ፈሳሽ በውሃ ኮዳ አይገባም። ድመት ያላችሁም አስቡበት፤ የድመት ጉበት እነዚህን ነገሮች እንደ ሰው ጉበት ማስወገድ አይችልም፤ ወለሉን ረግጣ እግሯን ስትልስ ትመረዛለች።

የካርቱም ሙቀትም የራሱ ጣጣ አለው። ተርፐንታይን ከ35 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ የሚያወጣው ተን ብልጭታ ካገኘ ይቀጣጠላል። በግንቦት የእኛ ቀን ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ስለዚህ ጠርሙሱ ከቡና ከሰልና ከጋዝ ምድጃ አጠገብ ቦታ የለውም። ከዚህም ሌላ ዘይቱ ሙቀት፣ ብርሃንና አየር ሲያገኝ ይበላሻል፤ ፐርኦክሳይድ የተባሉ ነገሮች ይፈጠሩበትና ቆዳ ያስቆጣል፣ ያሳክካል። ዓለም አቀፉ የሽቶ ሠሪዎች ማኅበር በፓይን ቤተሰብ ዘይቶች ውስጥ የፐርኦክሳይዱ መጠን በሊትር ከ10 ሚሊሞል በታች እንዲሆን የሚያዝዘው ለዚህ ነው። ጥቁር ጠርሙስ፣ እስከ አፉ የተሞላ፣ በደንብ የተከደነ፣ ቢቻል ፍሪጅ ውስጥ፣ ልጅ የማይደርስበት።

ከአንዲት ተማሪያችን እናት ጋር ይህን ስናወራ ፈሳሽ ሳሙና እየሠሩ ለጎረቤት ለመሸጥ አስበው ከኦምዱርማን ገበያ «የፓይን ዘይት» መግዛታቸውን ነገሩኝ። ብዙ ገንዘብ አውጥተውበታል። ጠርሙሱን ለትምህርት ቤቱ አዋሱንና ከልጆቹ ጋር ፈተንነው። ፈተናው ቀላል ነው፤ ማንም በቤቱ ሊሠራው ይችላል። በነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ ይደረግና እስከ ማግሥት ይተዋል። ንጹሕ የሽታ ዘይት በንኖ ይጠፋል ወይም ደብዛዛ ምልክት ብቻ ይተዋል፤ የምግብ ዘይት የተጨመረበት ግን ብርሃን የሚያሳልፍ የቅባት ነጠብጣብ ሆኖ ይቀራል። (በተርፐንታይን የተበረዘውን ይህ ፈተና አይዘውም፤ እርሱም ስለሚተን።) ሦስት ወረቀት አዘጋጀን፤ አንዱ ላይ የሴትዮዋን፣ ሁለተኛው ላይ ከፋርማሲ የተገዛ፣ ሦስተኛው ላይ የሰሊጥ ዘይት።

በማግሥቱ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሳይደወል ልጆቹ መስኮቱን ከበው ቆመው ነበር። የፋርማሲው ወረቀት ባዶ ነው። የሰሊጡና የኦምዱርማኑ ግን ጎን ለጎን እንደ መንታ ያበራሉ። የዴቶሉን ጥያቄ የጠየቀችኝ ልጅ ወረቀቱን ወደ ፀሐይ አንሥታ አየችና «ቲቸር፣ አሁን ለእትዬ ማን ይነግራቸዋል?» አለች። እኔው ሄጄ ነገርኳቸው። እናትየው ጥቂት ዝም ብለው «ቀሪውን ብር ሳልከፍል ነው የደረሳችሁልኝ» አሉና ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ወረቀቱን ተቀብለውኝ ወደ ገበያ ወጡ።