የተላጠው የኢፖክሲ ወለል

ጥያቄ፦ የምኖረው አየር ጤና ነው። የመኪና ማቆሚያዬን የሲሚንቶ ወለል ነሐሴ ላይ ኢፖክሲ አስቀባሁ። አሁን አረፋ አውጥቶ፣ ጎማው በሚያርፍበት ቦታ ይላጣል። እላዩ ላይ ልድገምበት?
አንባቢያችሁ፣ ከኮልፌ ቀራኒዮ

መልስ፦ ክቡር ጠያቂያችን፣ እባክዎ አይድገሙበት፤ አዲሱም ከአሮጌው ጋር ይነሣል። ነሐሴ ላይ መሬቱ ውኃ ጠግቧል። እርጥበቱ በኮንክሪቱ ውስጥ ወደ ላይ ሲወጣ ኢፖክሲው መውጫ ይዘጋበታል፤ አረፋው ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ጎማ ሥር የሚላጠው ግን ብዙ ጊዜ ወለሉ በደንብ ሳይፋቅ ወይም ዘይቱ ሳይለቅ ሲቀባ ነው።

የለቀቀውን ሁሉ በግራይንደር ያስነሡ፤ አቧራው ሳንባ ይጎዳልና ሠራተኛው ያለ ማስክ አይሥራ። ከዚያ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ላስቲክ ወለሉ ላይ አንጥፈው፣ ዙሪያውን በፕላስተር አሽገው አንድ ሙሉ ቀን ይተዉት። ከሥሩ ጠል ካዩ ወይም ኮንክሪቱ ከጠቆረ ገና አልደረቀም፤ ይታገሡ። በኅዳር ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ረፋድ ላይ ማስቀባት ይሻላል፤ አብዛኞቹ ኢፖክሲዎች ከ10 ዲግሪ በታች በደንብ አይጠነክሩም። የኢፖክሲው ሙጫና ማጠንከሪያ በአምራቹ መጠን ይለኩ፣ በግምት በፍጹም አይሁን። መኪናውን ለአንድ ሳምንት ያህል ውጭ ያቁሙ።

በበጋም ላስቲኩ ሥር ውኃ ከታየ፣ ወይም ወለሉ እየሰፋ የሚሄድ ስንጥቅ ካለው፣ ቀለሙን ትተው ሲቪል መሐንዲስ ያሳዩ፤ የተቀበረ ቧንቧ እያፈሰሰ ሊሆን ይችላል።