የማሳ አይጦች የሚሸከሟቸው ቫይረሶች፦ አመራመራቸውና የመስክ ጥንቃቄ

ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለመስክ ቴክኒሻኖች የተዘጋጀ

1. መግቢያ

አይጥ የገበሬው የቆየ ጠላት መሆኗ የታወቀ ነው። እህሉን በማሳ ላይ ሳለ ትቆርጣለች፣ ሲከመር ትበላለች፣ ጎተራ ከገባም በኋላ በሽንቷና በዓይነ ምድሯ ታበላሸዋለች። ስለሆነም ስለ አይጥ ሲወራ በአብዛኛው የሚነሣው የጠፋው እህል ነው። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው ግን እምብዛም በማይነሣ ሌላ ጉዳይ ላይ ነው። ይኸውም አይጦች በሰውነታቸው የሚሸከሟቸው ቫይረሶች እንዴት ተፈልገው እንደሚገኙ፣ ግኝቱ ምን እንደሚያስረዳና እንደማያስረዳ፣ እንዲሁም በመስክና በጎተራ ምን ጥንቃቄ መደረግ እንዳለበት ነው።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ሥራ በጀመረበት ወቅት በወጥመድ የተያዙ አይጦችን በባዶ እጁ እየያዘ ይመዝን፣ ጅራታቸውን ይለካ፣ ሆዳቸውንም ከፍቶ የበሉትን እህል ይመለከት ነበር። አብረውት የነበሩት የቀን ሠራተኞችም እንዲሁ ያደርጉ ነበር። ጓንት አልጠፋም፤ በካርቶን እንደታሸገ መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ ነበር። የጠፋው ለምን እንደሚያስፈልግ የሚያስረዳ ሰው ነው። ጽሑፉ የተዘጋጀውም ይህን ጉድለት ለመሙላት ነው።

2. ከሌሎች አገሮች የተገኘ ትምህርት

የኢትዮጵያ የቃኘው ሻለቃ በተካፈለበት የኮሪያ ጦርነት (እ.ኤ.አ. 1950–1953) ከ3,000 በላይ የተባበሩት መንግሥታት ወታደሮች ኩላሊትን በሚያዳክምና ደም በሚያፈስ ትኩሳት ታመሙ። መንስኤው ለብዙ ዓመታት ሳይታወቅ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1976 ዶክተር ሆ ዋንግ ሊ የተባሉ ኮሪያዊ ተመራማሪ ቫይረሱን በአንድ የማሳ አይጥ ሳንባ ውስጥ አገኙት። ስሙም በአካባቢው ካለው ከሃንታን ወንዝ ተወሰደ። ዛሬ ሃንታ ቫይረስ የሚባለው ወገን በሙሉ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው።

በአፍሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1969 በናይጄሪያ ላሳ በተባለች ከተማ የታወቀው የላሳ ትኩሳት አለ። ተሸካሚዋ ብዙ ጡቶች ያሏት፣ በቤትና በማሳ የምትኖር አይጥ ናት። በሁለቱም በሽታዎች ቫይረሱ በአይጧ ሽንት፣ ዓይነ ምድርና ምራቅ ይወጣል፤ አይጧ ራሷ ግን ደኅና ትመስላለች። ሰውም ቆሻሻው ደርቆ የተቀላቀለበትን አቧራ በመተንፈስ፣ በቁስል ወይም በተበከለ ምግብ ሊያዝ ይችላል።

3. በአገራችን የተገኘው ውጤት

እ.ኤ.አ. በ2012 የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ከውጭ አገር ባልደረቦች ጋር የተካፈሉበት ጥናት ታተመ። በደጋው አገር በሰው መኖሪያና በእርሻ አካባቢ ከሚገኙ አይጦች መካከል ሁለት ዓይነቶች ቫይረስ ተሸክመው ተገኙ። አንደኛዋ ባለ ነጭ እግሯ የኢትዮጵያ አይጥ ስትሆን፣ ሁለተኛዋ ስሟን ከአዋሽ ወንዝ ያገኘችውና የላሳ ተሸካሚ የቅርብ ዘመድ የሆነችው ባለ ብዙ ጡት አይጥ ናት።

ሁለቱም ሞባላ ከሚባለው ቫይረስ ጋር የሚዛመዱ አዳዲስ ዝርያዎች ተገኝተውባቸዋል። ሞባላ ቀደም ሲል በማዕከላዊ አፍሪካ ሪፐብሊክ የታወቀ፣ ከላሳ ቫይረስ ጋር አንድ ወገን የሆነ ነው። ባለ ነጭ እግሯ አይጥ በተጨማሪ አዲስ ሃንታ ቫይረስ ተሸክማ ተገኝታለች፤ እሱም ትግራይ ቫይረስ ተብሎ ተሰይሟል።

4. ቫይረሱ የሚታወቅበት መንገድ

ሀ) መያዝና መመዝገብ። ወጥመዶች ሳይመሽ በእርከን ሥር፣ በማሳ ድንበርና በቤት ዙሪያ ይጠመዳሉ። ማባበያው ለውዝ ከዱቄት ጋር ተለውሶ ይዘጋጃል። ማለዳ ፀሐይ ሳትበረታ ወጥመዶቹ ይሰበሰባሉ። እያንዳንዷ አይጥ ቁጥር ተሰጥቷት ቦታው፣ ቀኑ፣ ጾታዋ፣ ክብደቷና ርዝመቷ ይጻፋል። መዝገቡ ከተሳሳተ ከዚያ በኋላ የሚደረገው ሥራ ሁሉ ከንቱ ነው።

ለ) ናሙና መውሰድ። ከሳንባ፣ ከኩላሊት፣ ከጉበትና ከጣፊያ ትንሽ ቁራጭ ይወሰዳል። የነዚህ ቫይረሶች ዘረ መል የተጻፈው አር.ኤን.ኤ. በተባለ ንጥረ ነገር ሲሆን፣ እሱም ቶሎ ይፈርሳል። ሙቀት ያገኘው ናሙና ሳይፈላ እንዳደረ ወተት ይበላሻል። ስለሆነም ወዲያውኑ በመጠበቂያ ፈሳሽ ወይም በፈሳሽ ናይትሮጂን ውስጥ ይገባል፤ ቤተ ሙከራ ሲደርስም ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ በሚያቀዘቅዝ ማቀዝቀዣ ይቀመጣል። የአንዷ ደም ወደ ሌላዋ ናሙና እንዳይተላለፍ መቀሱና ምላጩ በየአይጧ መካከል ይጸዳል።

ሐ) ማባዛት። በናሙናው ውስጥ ያለው የቫይረስ ዘረ መል እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ አር.ኤን.ኤው በመጀመሪያ ወደ ዲ.ኤን.ኤ. ይገለበጣል። ከዚያም ፒ.ሲ.አር. በተባለው መሣሪያ እየተሞቀና እየቀዘቀዘ በየዙሩ እጥፍ ይሆናል። አንዱ ቅንጣት 30 ጊዜ ቢታጠፍ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ይደርሳል። ይህ ኃይል አደጋም አለው፤ በስሕተት የገባ ቅንጣትም አብሮ ይባዛል። ስለዚህ ምንም ናሙና የሌለበት ንጹሕ ውሃ ለቁጥጥር አብሮ ይመረመራል። ውሃው ቫይረስ አለበት ካለ የዚያ ቀን ውጤት በሙሉ ይጣላል።

መ) ቅደም ተከተሉን ማንበብ። ዘረ መል በአራት ፊደላት ብቻ የተጻፈ ረጅም ጽሑፍ ነው ማለት ይቻላል። የሃንታ ቫይረስ ጽሑፍ በሦስት ቁራጮች የተከፈለ 12,000 ያህል ፊደላት አሉት። እ.ኤ.አ. በ1977 የታወቀው የሳንገር ዘዴ አንድን ቁራጭ ተራ በተራ ያነባል። አዳዲሶቹ መሣሪያዎች ደግሞ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቁራጮችን ባንድ ጊዜ ስለሚያነቡ፣ አስቀድሞ ያልተጠረጠረን ቫይረስ ለማግኘት ይረዳሉ።

ሠ) ማነጻጸር። የተነበበው ቅደም ተከተል ጂንባንክ ከተባለው የዓለም መዝገብ ጋር ይነጻጸራል። ሽማግሌ ትውልድ እየቆጠረ የሁለት ሰዎችን ዝምድና እንደሚያውቅ ሁሉ፣ ተመራማሪውም የፊደላቱን ልዩነት ቆጥሮ ቫይረሱ ከማን ጋር እንደሚዛመድ ያውቃል። አይጦቹ በመልክ ስለሚመሳሰሉ የእነሱም ዘረ መል አብሮ ይነበባል።

5. ውጤቱ እንዴት ይተረጎማል?

አንደኛ፣ በአይጥ ላይ ቫይረስ ተገኘ ማለት ሰውን ያሳምማል ማለት አይደለም። ሞባላና ላሳ ዘመዳሞች ናቸው፤ ላሳ ሰው ሲገድል ሞባላ ግን በሰው ላይ ላመጣው በሽታ ማስረጃ አልተገኘም። ዝምድና ያስጠረጥራል እንጂ አይፈርድም።

ሁለተኛ፣ አልተገኘም ማለት የለም ማለት አይደለም። የተያዙት አይጦች ጥቂት ሊሆኑ፣ ናሙናውም መንገድ ላይ ሞቆ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ፣ በደም ውስጥ የሚገኝ ፀረ አካል (አንቲቦዲ) አይጧም ሆነች ሰው ከቫይረሱ ጋር መገናኘታቸውን ያሳያል። ፒ.ሲ.አር. ግን የሚያሳየው በናሙናው ውስጥ አሁን ያለውን ነው። ሁለቱ እየተደጋገፉ መነበብ አለባቸው።

6. መደረግ ያለበት ጥንቃቄ

1ኛ. ሕያውም ሆነ የሞተ አይጥ በባዶ እጅ አይነካ። ጓንት ከሌለ ወፍራም ፌስታል በእጅ ላይ ይጠለቅ።

2ኛ. ለብዙ ጊዜ ተዘግቶ የቆየ ጎተራ ወይም መጋዘን ከመጠረጉ በፊት በሩ ተከፍቶ ለግማሽ ሰዓት ያህል ይናፈስ።

3ኛ. የአይጥ ቆሻሻ በደረቁ አይጠረግ። አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ ተበጥብጦ ይረጭበትና 5 ደቂቃ ያህል ከቆየ በኋላ በጨርቅ ይነሣ። በረኪናው በእህሉ ላይ እንዳይፈስ ይጠንቀቁ።

4ኛ. የሞቱ አይጦች ሕፃናትና ውሾች በማይደርሱበት ጥልቅ ጉድጓድ ይቀበሩ። እጅም በሳሙና ይታጠብ።

5ኛ. ጎተራው ከመሬት ከፍ ብሎ ይሠራ፤ እግሮቹም አይጥ በማታልፈው ቆርቆሮ ይከበቡ። ምግብና ውሃ ተከድኖ ይቀመጥ።

6ኛ. አይጥ የድንጋይ እርከን ውስጥ ትሸሸጋለች ተብሎ እርከን አይፍረስ፤ አፈሩን የያዘው እሱ ነው። በዙሪያው ያለው አረም ግን ይታጨድ።

7ኛ. አይጥ ነክቶ ወይም ጎተራ ጠርጎ በሚቀጥሉት ሳምንታት ትኩሳት የያዘው ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄድ ይህንኑ ሳይጠየቅ ይናገር። ትኩሳት ሁሉ ወባ ወይም ታይፎይድ ተብሎ ሊታለፍ ይችላልና።

7. ማጠቃለያ

የቫይረስ ምርመራ ረቂቅ መሣሪያና ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። መነሻው ግን በማሳ ዳር ወጥመድ የሚያጠምደው ሠራተኛ ነው። እሱ በትክክል ካልመዘገበና ናሙናውን ካላቀዘቀዘ መሣሪያው የሚያነበው አይኖርም። ራሱን ካልጠበቀ ደግሞ ቫይረሱ ከተመራማሪው አስቀድሞ የሚያገኘው እሱን ነው። ስለሆነም በየጣቢያው መጋዘን የተቀመጠው ጓንት ዛሬውኑ ወጥቶ ለሠራተኛው ይታደል፤ ለምን እንደሚያስፈልግም ይነገረው።