አራት ወር ያልሞላ ትዳር

ከሚሴ ውስጥ ጡረታ ከወጡ አንዲት ነርስ ጋር፣ ገና ሥራ የጀመረች አዋላጅ ነርስ ቡና ላይ ያደረገችው ምልልስ ነው።

ወጣቷ፦ ሲስተር፣ ሰው ስለ እርስዎ ሲያወራ ሰማሁ። «ለሙያዋ ራሷን የሰጠች ነርስ፣ ደግ ሚስት፣ ደግ እናት» ይልዎታል።

ሲስተር፦ ይስጣቸው። አግብቻለሁ፣ አምስት ወልጄ አሳድጌያለሁ፣ ባለቤቴ እህል ነጋዴ ነበር፣ አላህ ይዘንለት፤ ከባቲ እስከ ሰንበቴ ተመላልሼ ሠርቻለሁ። የእኔ ታሪክ ይኸው ነው። «ራሷን የሰጠች» ሲሉኝ ግን ደስ አይለኝም። ራሷን ሰጥታለች ከተባለች ወዲያ ጓንት አላት ወይ ብሎ የሚጠይቅላት የለም።

ወጣቷ፦ ታዲያ ነርስ በምን ትመስገን?

ሲስተር፦ በዕውቀቷ ነዋ! ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴን ታውቂያታለሽ?

ወጣቷ፦ የንጉሡ ልጅ፣ ነርስ የነበረችው? በወሊድ የሞተችው?

ሲስተር፦ እሷው ናት። «በወሊድ» ያልሽውን ያዢልኝ፣ እመለስበታለሁ። በ1912 ነው የተወለደችው። ጣሊያን ሲመጣ ገና አሥራ ስድስት ዓመቷ፤ ከሌሎች ሴቶች ጋር ለዘማች ፋሻ ታዘጋጅ ነበር። ከዚያ ስደት፣ እንግሊዝ አገር። ለንደን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሚባል የሕፃናት ሆስፒታል ገብታ በነሐሴ 1931 በነርስነት ተመረቀች፣ ቀጥላ ጋይስ ሆስፒታል ገባች። የዚያን ዘመን ተማሪ ነርስ አንሶላ ታነጥፋለች፣ ፖፖ ትደፋለች፣ ሌሊት ታድራለች። አገር ነጻ ሲወጣ ተመልሳ የት ሠራች መሰለሽ? ደሴ! እዚሁ አፍንጫችን ሥር። ኅዳር 26 ቀን 1928 የጣሊያን አውሮፕላን የደበደባት፣ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል እንኳ ያልተረፈባት ደሴ።

ወጣቷ፦ የነገሥታት ልጅ ለፎቶ ነው እንጂ...

ሲስተር፦ ይኸ ነው የሚያንገበግበኝ! ለፎቶ የሚሄድ ሰው ዓመታት ሙሉ ፖፖ አይደፋም። ንጉሥ ወዳድ አይደለሁም፣ የአባቷ ዘመን ለእኛ ለወሎ ገበሬ ምን እንደነበረ ከአባቴ ሰምቻለሁ። የሥራ ባልደረባዬን ግን አላስነካም። ስትሞት በስሟ አዲስ አበባ ላይ ሆስፒታል ተሠራ፣ ልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል። እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክረስት ገንዘብ ለማሰባሰብ ብዙ ደክማለች። ደርግ መጣና ስሙን አንስቶ ጦር ኃይሎች አለው። አሁን ታክሲ ውስጥ «ጦር ኃይሎች፣ ጦር ኃይሎች» እየተባለ ሲጠራ ትሰሚያለሽ፤ ከተሳፋሪው መካከል በዚያ ቦታ አንዲት ነርስ ስትታወስ እንደነበር ስንቱ ያውቃል? ዘውዱን ማውረድ አንድ ነገር ነው። ነርሷ ምን አደረገች? ባሏን ጄኔራል አቢይ አበበንም ኅዳር 14 ቀን 1967 ከስልሳዎቹ ባለሥልጣናት ጋር ረሸኑት። ቆይ፣ አልጨረስኩም። ከአውስትራሊያ የመጡት ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን በ1951 የአዋላጅነት ትምህርት ቤት ሊያቋቁሙ የተቀጠሩት እዚያው በእሷ ስም በተጠራው ሆስፒታል ነው። በምጥ መራዘም ፊስቱላ የያዛቸውን ሴቶች ያዩት እዚያ ነው፤ የኋላው የፊስቱላ ሆስፒታል የበቀለው ከዚያ ነው። በእርግዝና የሞተች ሴት ስም ያለበት ግቢ ስንት እናት አዳነ! ይህን ሁሉ ነው በአንድ ሰሌዳ የፋቁት።

ወጣቷ፦ «በወሊድ» ያልኩትን ያዢልኝ ብለውኝ ነበር።

ሲስተር፦ አዎ። ሠርጓ ሚያዝያ 18 ቀን 1934 ነው። ባሏ ወለጋን እንዲያስተዳድር ተሾሞ ነቀምት ወረዱ። የሞተችው ነሐሴ 11 ቀን፣ በዚያው ዓመት፣ በሃያ ሁለት ዓመቷ። እስኪ ቁጠሪ።

ወጣቷ፦ ግንቦት፣ ሰኔ፣ ሐምሌ... አራት ወር እንኳ አልሞላም።

ሲስተር፦ ዘጠኙ ወር ታዲያ የት አለ? ሰው «በወሊድ» ብሎ ይጨርሰዋል፣ ምክንያቱም እኛ ዘንድ አደጋ ማለት ምጥ ነው። የመጀመሪያዎቹን ወራት የሚፈራቸው የለም። ምን እንደገደላት ከዚህ ሆኜ አልመረምርም። ነገር ግን በሁለት በሦስት ወር የሚፈስ ደም ሁሉ «ወረደባት» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ከማህፀን ውጭ የተፈጠረ እርግዝና ሲፈነዳ ደሙ ወደ ውስጥ ይፈሳል፤ ከውጭ የምታዪው ጠብታ ነው፣ ሴቲቱ ግን ትገረጣለች፣ ላብ ያጠምቃታል፣ ሆዷን በአንድ ወገን ይወጋታል፣ ትከሻዋን ያማታል፣ ስትነሳ ትወድቃለች። ይህችን ሻይ ጠጪ፣ ተኚ ብለሽ አትመልሻትም፤ ቀዶ ሕክምናና ደም ወዳለበት ትልኪያታለሽ፣ ያውም በዚያው ሰዓት። ውርጃም ሆኖ ደሙ ካልቆመ፣ ትኩሳትና ሽታ ያለው ፈሳሽ ከመጣ፣ ያው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2016 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ክትትሉ ቢያንስ ስምንት ጊዜ ይሁን፣ የመጀመሪያው ከ12 ሳምንት በፊት ይሁን ያለው ያለ ነገር አይደለም። የእኛ ሴት ደግሞ ዓይን ይበላኛል ብላ ሆዷ እስኪገፋ ትደብቃለች። ከጨፋ ማዶ ያለችዋ በአምስት ወሯ ነው የምትመጣልሽ፣ ያውም ከመጣች። ልዕልቷ ነርስ ሆና፣ የንጉሥ ልጅ ሆና አልተረፈችም። ልብስና ስም ደም አያቆምም፣ ደግነትም አያቆምም። እና አንቺን «ራሷን የሰጠች» ብለው ሲያጨበጭቡልሽ ቃሬዛው፣ አምቡላንሱ፣ የደም ከረጢቱ የት አለ በያቸው።

ወጣቷ፦ የምትደብቀውን ሴት ግን እኔ እንዴት ላውቃት እችላለሁ?

ሲስተር፦ አንቺ አታውቂያትም። ዱበርቲዎቹ፣ ለዱዓ የሚሰበሰቡት ሴቶች፣ ግን ያውቋታል። እርጉዝ ሴት በሰላም ትገላገል ብለው ቡና አፍልተው ዱዓ ሲያደርጉ እኔም ተቀምጬ አሚን እላለሁ። እርግዝና ከጤና ኬላው በፊት የሚነገረው ለእነሱ ነው።

ወጣቷ፦ እንግዲያው ጋውን ለብሼ ወደ እነሱ ልሂድ?

ሲስተር፦ ጋውንሽን ተይው፣ ነጠላ ልበሺ። ቡና ተይዞ ይኬዳል እንጂ ባዶ እጅ አይኬድም። መጀመሪያ አድምጪ። ዱዓው ሲያልቅ ስለ ደሙ ንገሪያቸው፣ በአፋን ኦሮሞ ንገሪያቸው፣ የትከሻውን ሕመም እንዳትረሺ። ስልክሽን ስጫቸው። ሌሊትም ቢሆን ይደውሉልሽ፣ ሌሊት ሲደውሉልሽም አትቆጪ።

ወጣቷ፦ ባሎቻቸው እንቢ ካሉስ?

ሲስተር፦ ባሎቹን እኔ አነጋግራቸዋለሁ፤ ግማሾቹን ያዋለድኳቸው እኔ ነኝ።