አሠራርን የሚያስረዳ ድርሰት

የአንድን ነገር አሠራር የሚያስረዳ ድርሰት ስትጽፉ ሦስት ነገሮችን አትዘንጉ፦ ቅደም ተከተልን፣ ምክንያትን፣ እንዲሁም «ባይሆንስ?» ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠውን መልስ። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ሦስተኛው ነው።

ጎንደር ውስጥ፣ ከ1632 እስከ 1667 እ.ኤ.አ. በነገሡት በዐፄ ፋሲል ስም የሚጠራው መዋኛ፣ ለጥምቀት በዓል ከቀሃ ወንዝ በቦይ በሚመጣ ውኃ ይሞላል። በቦይ የሚሄድ ውኃ ከከፍታ ወደ ዝቅታ በራሱ ይወርዳል፤ ወደ ላይ ለመመለስ ግን የሚገፋው ኃይል ያሻዋል። በቤት ውስጥ የሚቀመጥ የዓሣ ገንዳም በዚሁ ሕግ ይሠራል። የሚከተለውን አንቀጽ በጥሞና አንብቡ።

«ዓሦቹ የሚኖሩበት ገንዳ ከላይ፣ ማጣሪያው ያለበት ገንዳ ከታች ይቀመጣል። የላይኛው ገንዳ ውኃ ከመውረጃው አፍ ከፍ ሲል በቱቦ ወደ ታች ይፈስሳል። በታችኛው ገንዳ በመጀመሪያ ስፖንጅ ጉድፉን ያስቀራል። ቀጥሎም በማጣሪያው ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ከዓሦቹ የሚወጣውን መርዛማ አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ኋላም ጉዳቱ ወደ ቀነሰው ናይትሬት ይለውጡታል። በመጨረሻ ፓምፕ የተጣራውን ውኃ ወደ ላይ ይመልሰዋል። ፓምፑ የሚመልሰውን ያህል ውኃ በመውረጃው ስለሚወርድ የላይኛው ገንዳ ሞልቶ አይፈስም።»

አንቀጹ ቅደም ተከተል ጠብቋል፤ ምክንያትም ሰጥቷል። ነገር ግን ጎደሎ ነው። መብራት ቢጠፋስ? ፓምፑ ይቆማል፤ ውኃው ግን ከመውረጃው አፍ እስኪጎድል ድረስ መውረዱን አያቆምም። የመመለሻው ቱቦ አፍ በውኃው ውስጥ ጠልቆ ከሆነም፣ ውኃው በዚያው ቱቦ ተስቦ ወደ ታች ይመለሳል። የታችኛው ገንዳ አስቀድሞ እስከ አፉ ተሞልቶ ከነበረ ወለሉ ይጥለቀለቃል፤ ዓሦቹም ውኃ ያንሳቸዋል። ስለዚህ ጸሐፊው እንዲህ ብሎ መጨመር ነበረበት፦

«መብራት ቢጠፋ የሚወርደውን ውኃ እንዲይዝ በታችኛው ገንዳ በቂ ባዶ ቦታ ይተው፤ የመመለሻው ቱቦ አፍም ከውኃው ገጽ አጠገብ ይሁን።»

አንባቢ በጽሑፉ ተማምኖ ሥራ እንደሚጀምር አትርሱ፤ ጸሐፊው የዘለላትን አንዲት ዓረፍተ ነገር የሚከፍላት አንባቢው ነው።

ልብ በሉ፦ «ሲል» ጊዜን፣ «ስለሚወርድ» ምክንያትን፣ «እንዲይዝ» ዓላማን፣ «ቢጠፋ» ሁኔታን ያመለክታሉ።

መልመጃ
1. «ፓምፑ ይቆማል። ውኃው ይወርዳል።» የሚሉትን ዓረፍተ ነገሮች በመጀመሪያ በ«ሲ-»፣ ቀጥሎ በ«ስለ-»፣ በመጨረሻም በ«ቢ-» አያይዛችሁ ጻፉ። የትርጉም ልዩነታቸውን አስረዱ።
2. ስለ ጠላ አጠማመቅ ወይም ማሳን በቦይ ስለ ማጠጣት አንድ አንቀጽ ጻፉ። «ባይሆንስ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ መስጠታችሁን አረጋግጡ።