ከዛፉ የቀደመ ቅጥር፦ የእንጦጦ የደን መንገድና የጥንቱ ምሽግ

መግቢያ

ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ባለው የእንጦጦ ተራራ፣ ከአለት በተፈለፈለው የዋሻ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያንና በእንጦጦ ማርያም መካከል፣ የጥንት ምሽግ ፍርስራሽ ይገኛል። ወደ ስፍራው የሚወስደው የእግር መንገድ የባሕር ዛፍ ደን እያቋረጠ ሽቅብ ይወጣል። አቀበቱን የሚወጣ ተጓዥ ደኑን ጥንታዊ፣ በዛፎቹ ግርጌ የተከመረውን ድንጋይ ደግሞ የቅርብ ጊዜ ካብ አድርጎ ሊገምት ይችላል። የታሪኩ ቅደም ተከተል ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይህ የዕድሜ ልዩነት ምሽጉን ለመረዳትም ሆነ ለመጠበቅ ያለውን ፋይዳ ማመልከት ነው።

ምሽጉ

ፍርስራሹ ባለ አምስት ማዕዘን በመሆኑ «ፔንታጎን» የሚል መጠሪያ ተሰጥቶታል። ስፍራው 30 ሄክታር ያህል እንደሚሸፍን፣ 12 ማማዎችና 520 ሜትር ያህል የድንጋይ ቅጥር እንዳሉት፣ ቅጥሩም በአንዳንድ ቦታ እስከ 5 ሜትር ከፍታ እንደሚደርስ ተገልጿል። የቬኒሱ መነኩሴ ፍራ ማውሮ እ.ኤ.አ. በ1450 ገደማ በሠራው የዓለም ካርታ ላይ የምትታየው የነገሥታቱ ከተማ ባራራ በዚሁ ተራራ ላይ ነበረች የሚል አስተያየት ቀርቧል፤ ይሁን እንጂ የከተማዋ ስፍራ እስካሁን አከራካሪ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻቸውን በእንጦጦ ሲያደርጉም ተራራው የቀደሙት ነገሥታት መቀመጫ ነበር የሚለው ትውፊት ለምርጫው ክብደት ሰጥቶታል።

ደኑ

የእንጦጦ ነባር ዛፎች ጽድ፣ ወይራና ኮሶን የመሳሰሉት ነበሩ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ቤተ መንግሥቱና በዙሪያው የሰፈረው ሕዝብ ለማገዶና ለቤት ሥራ በብዛት ስለ ቆረጣቸው ተራራው ተራቆተ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላም የማገዶ እጥረቱ ስላልተቃለለ፣ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም የማዛወር ሐሳብ እስከ መነሣት ደርሶ ነበር። ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ በዚያ ዘመን ተተክሎ በፍጥነት በመባዛቱ ከተማዋ በስፍራዋ ጸናች። ባሕር ዛፍ ከተቆረጠ በኋላ ከጉቶው ስለሚያቆጠቁጥ፣ ዛሬ ቆመው የሚታዩት ብዙዎቹ ግንዶች ከመጀመሪያው ተከላ እጅግ ያነሰ ዕድሜ አላቸው። ምሽጉ ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጦርነት በፊት ተሠርቷል የሚለው ግምት ከተወሰደ፣ ደኑ ከቅጥሩ ቢያንስ በ350 ዓመት ገደማ ያንሳል።

ልዩነቱ የሚያስከትለው

የመጀመሪያው ውጤት የትርጓሜ ነው። ማማ የሚሠራው ሩቅ ለማየትና ከሩቅ ለመታየት ነው። የዛሬው ተጓዥ ግን ቅጥሩ አጠገብ እስኪደርስ ድረስ አያየውም፤ ከቅጥሩ ሆኖም ከዛፎቹ አሻግሮ ለማየት ይቸገራል። የምሽጉን ስፍራ አመራረጥ የሚያጠና ተመራማሪ ደኑን በሐሳቡ አንሥቶ፣ የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ ብቻ መነሻ ማድረግ ይኖርበታል። አለዚያ ለእይታ የተመረጠውን ስፍራ ለመደበቂያ የተመረጠ አድርጎ ይተረጉመዋል።

ሁለተኛው ውጤት የጥበቃ ነው። በድንጋይ መጋጠሚያ የገባ ሥር በወፈረ መጠን ድንጋዩን ይገፋል፤ ግንዱ በነፋስ ሲወዛወዝም ቅጥሩን ያናጋል። ረግፎ የወደቀው ቅጠል ለማገዶ ተጠርጎ ሲወሰድ፣ የተራቆተውን አፈር የክረምት ጎርፍ ከቅጥሩ መሠረት ያጥበዋል። ይሁንና ደኑን ጨርሶ መመንጠር መፍትሔ አይሆንም፤ አፈሩ ይበልጥ ይጋለጣል፣ ጉቶ ተቆፍሮ ሲነቀልም ሥሩ ያቀፈው ድንጋይ አብሮ ይወጣል። የተሻለው መንገድ በቅጥሩ ላይ የበቀሉትን ዛፎች ከመሬት አስጠግቶ መቁረጥ፣ ቡቃያውን በየጊዜው ማስወገድ፣ ሥሩንም ባለበት እንዲበሰብስ መተው ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ የሰዎች ነው። ከተራራው ቅጠልና ጭራሮ ለቅመው በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ኑሯቸው ከዚህ ደን ጋር የተያያዘ ነው። ብዙዎቹን የእግር መንገዶች ያቀኑትም እግሮቻቸው ናቸው። ቅጥሩ በየት እንደሚያልፍ በቅርብ የሚያውቁ እነርሱ በመሆናቸው፣ ካርታ በማንሣቱ ሥራ ሊሳተፉ፣ ለድካማቸውም ሊከፈላቸው ይገባል። እነርሱን ከልክሎ የሚጀመር ጥበቃ ዕውቀታቸውንም ያጣል።

ማጠቃለያ

በ2013 ዓ.ም. እንጦጦ ፓርክ ከተከፈተ ወዲህ ተራራው ለብዙ ጎብኚ መዝናኛ ሆኗል። አዳዲስ መንገዶች ከመቀየሳቸው በፊት የቅጥሩ መስመር በካርታ ሊመዘገብ፣ መንገዱም ቅጥሩን ሳይረግጥ በጎኑ እንዲያልፍ ሊደረግ ይገባል። የተቆረጠ ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተመልሶ ይቆማል፤ የፈረሰ ቅጥር ግን አያቆጠቁጥም።