ደመወዙን ብቻ ሳይሆን ወጪውንም እንቁጠር

በወላይታ ጊፋታ ሲደርስ ከአዲስ አበባ፣ ከሐዋሳና ከሌሎችም ከተሞች ወደ ቤተሰቦቻቸው የሚመለሱ ወጣቶች ብዙ ናቸው። አዲስ ልብስ ለብሰው፣ ጥሩ ሞባይል ይዘው ይመጣሉ። "ስንት ይከፈልሃል?" ሲባሉ ደመወዛቸውን ይናገራሉ። "ስንት ታወጣለህ?" ብሎ የሚጠይቃቸው ግን እምብዛም የለም። በዚህ ጽሑፍ የምንነጋገረው ስለዚህ ስለተዘለለው ጥያቄ ነው።

እኔ በወላይታ ሶዶ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ነኝ። ሶሺዮሎጂ ስማር ስለ ፍልሰት ብዙ አንብቤያለሁ። ነገሩ በደንብ የገባኝ ግን አንዲት የ17 ዓመት ተማሪ ቢሮዬ በመጣች ቀን ነው። አባቷ ታመው ቤት ከዋሉ ቆይተዋል።

"ጋሼ፣ ትምህርቴን ላቋርጥ ነው። ሐዋሳ ካፌ ውስጥ ሥራ ተገኝቶልኛል። በወር 4,000 ብር!" አለችኝ።

"እዚህ ሶዶስ ምንም አላገኘሽም?"

"አንዲት ልብስ ሰፊ በ2,500 ብር ላሠራሽ ብላኛለች። ግን 4,000 እያለ ማን 2,500 ይሠራል?"

"አትሂጂ" አላልኳትም። እንዲህ የተባለ ልጅ በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ መናኸሪያ ነው የሚገኘው። "ነይ እስኪ እንደምረው" ብዬ ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣሁ። ሐዋሳ ያለችው ጓደኛዋ ጋ ደወልንና ስልኩን ስፒከር ላይ አደረግነው። ዋጋ ቶሎ ስለሚለዋወጥ እናንተ ቁጥሩን ሳይሆን አሠራሩን ያዙ።

ሐዋሳ፦ ደመወዝ 4,000 ብር
- የቤት ኪራይ (3,600 ብር ለሦስት)፦ 1,200
- ምግብ (በቀን 80 ብር)፦ 2,400
- ባጃጅ (26 ቀን ደርሶ መልስ)፦ 520
- ሳሙና፣ ሞዴስ፣ የሞባይል ካርድ፣ መብራትና ውኃ፦ 450
- ድምር፦ 4,570። ጉድለት 570 ብር።

ሶዶ፦ ደመወዝ 2,500 ብር
- ኪራይ፦ የለም (ከቤተሰብ ጋር)
- ምሳ (በቀን 30 ብር)፦ 780
- ባጃጅ፦ 520
- ሳሙና፣ ሞዴስና ካርድ፦ 350
- ድምር፦ 1,650። ትርፍ 850 ብር።

ልጅቷ ወረቀቱን ደጋግማ አየችው። ጓሯቸው ያለው በቆሎና ስኳር ድንች፣ የእናቷ እራት፣ የምታድርበት ጣሪያ ገንዘብ መሆናቸውን እስከዚያ ቀን አስባ አታውቅም። ሁለት ከተሞች ሲወዳደሩ የሚታየው ደመወዙ ሳይሆን ከወጪ በኋላ እጅ ላይ የሚቀረው ነው።

ከዚያ ወደ ስልኩ ጠጋ ብላ፣ "አንቺ ታዲያ የጎደለውን ከየት ታመጪዋለሽ?" ስትል ጠየቀች። ጓደኛዋ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች። በመጨረሻም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "የሚረዳኝ ሰውዬ አለ" አለች።

ወጣቶች ሆይ፣ ኤች አይ ቪ የሚገባው በዚህች የ570 ብር ቀዳዳ ነው። ኪራይ የሚከፍልላት ሰው "ያለ ኮንዶም" ካለ "እምቢ" ለማለት፣ "አብረን እንመርመር" ለማለት ጉልበቷ ይደክማል። እምቢ ካለች ማደሪያ የላትም። ስለዚህ በልጅቷ ላይ ጣት ከመቀሰር ቀዳዳውን አስቀድሞ መድፈን ይሻላል። ወንዶችም ብትሆኑ ከዚህ አታመልጡም። በረንዳ ላይ ማደር፣ ብቸኝነት፣ መጠጥና ሱስ ለተመሳሳይ አደጋ ይዳርጋሉ። በ2008 ዓ.ም በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሰዎች መካከል ቫይረሱ በደማቸው የተገኘው በከተማ 2.9 በመቶ፣ በገጠር 0.4 በመቶ ነበር። ልዩነቱ ሰባት እጥፍ ያህል ነው።

የሐዋሳን ኢንዱስትሪ ፓርክ ታሪክም እናስታውስ። በ2008 ዓ.ም ሲመረቅ ከወላይታም ብዙ ወጣት ሴቶች ወደዚያ ሄደዋል። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ በ2011 ዓ.ም ያወጣው ጥናት መነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር ብቻ እንደነበረና ሠራተኞቹ ለኪራይና ለምግብ ይቸገሩ እንደነበር አሳይቷል። በ2014 ዓ.ም ደግሞ አሜሪካ ለኢትዮጵያ ምርቶች የሰጠችውን ከቀረጥ ነፃ ዕድል ስታግድ ብዙዎች ሥራቸውን አጥተዋል። ሥራ ሊቆም እንደሚችልም ማሰብ ያስፈልጋል።

ከመሄዳችሁ በፊት እነዚህን አድርጉ፦

1. ዋጋውን ከደላላ ሳይሆን እዚያ ከሚኖሩ ከሁለት ወይም ከሦስት ሰዎች ጠይቁ። የዓምናውን ዋጋ አትመኑ።

2. የመጀመሪያውን ወር ለብቻው አስሉ። መሳፈሪያ፣ ቅድሚያ ኪራይ፣ ፍራሽ፣ ጀሪካን፣ ምድጃ ይፈለጋል። ደመወዝ የሚመጣው ግን ከ30 ቀን በኋላ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት አከራይ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ አይችልም።

3. መመለሻ ትራንስፖርት ሳትይዙ አትውጡ። ይህን ገንዘብ ለምንም ነገር አትንኩት።

4. መብታችሁን እወቁ። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለ ወጣት በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ እንዲሁም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት አይሠራም። ወሲባዊ ትንኮሳም ክልክል ነው። ጥቃት ከደረሰባችሁ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ቢቻል ወዲያውኑ፣ ጤና ተቋም ሂዱ። ቫይረሱን የሚከላከል መድኃኒት ይሰጣችኋል።

ልጅቷ ያን ጊዜ አልሄደችም። ልብስ ሰፊዋ ጋ ገባች፣ ትምህርቷንም በማታ ቀጠለች። "ጋሼ፣ አሁንም ሐዋሳን አልተውኳትም" ትለኛለች እየሳቀች። እኔም ተዪያት አልላትም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላልና፣ እሷ ቀስ ብላ እየታጠቀች ነው። በየወሩ ከሚተርፋት ላይ ትቆጥባለች፣ ማደሪያ የምትሰጣትን አክስቷንም አነጋግራለች። የምትሄድ ከሆነ የማንንም "እርዳታ" ሳትጠብቅ ትሄዳለች።

ለክበባችሁ የመወያያ ጥያቄዎች

1. ቤታችሁ በነፃ የምታገኟቸው ነገሮች በከተማ ኪራይና በገበያ ዋጋ ቢሰሉ በወር ስንት ብር ይሆናሉ?

2. ለመሄድ የምታስቡበትን ከተማና የራሳችሁን ከተማ ከላይ ባየነው መንገድ አወዳድሩ። የሚቀረው የቱ ጋ ይበልጣል?

3. ጉድለት ቢያጋጥማችሁ በማን ላይ ጥገኛ ትሆናላችሁ? ያ ሰው በምላሹ ምን ሊጠይቃችሁ ይችላል?